የእትዬ ደብሬ ምላስ

የቆቦዋ ዘሀራ ስልክ ስትደውል ስለ ጤንነቴ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ዝናቡም ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ ገብታ አታውቅም። ያን ጠዋት ግን «ሲሳይ፣ እትዬ ደብሬ አረፉ» ብላ ጀመረች። «ምን?» ስላት ደገመችው። «ትናንት ከቀትር በኋላ ነው። ቤቱ ውስጥ እኔና አንዲት ጎረቤት ብቻ ነን። እድሩም አንመጣም ብሏል። ቶሎ ድረስ።»

ከደሴ ተነስቼ ወልድያ ላይ መኪና ቀየርኩ። ሮቢት ስንደርስ የማዳበሪያ ጆንያ የያዘ አንድ ገበሬ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወዴት ነህ አለኝ። ቆቦ፣ ለቀብር አልኩት። የማን አለኝ። ስማቸውን ነገርኩት።

«ያች ሰው የጨረሰችው ጠላ ሻጭ?»

«የሞተው አንድ ሰው ነው» አልኩት።

«አንድስ ቢሆን፣ ነፍስ አይደል?» አለና ጆንያውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። እስክንወርድ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረኝም።

እውነቱን ነው፤ ነፍስ ነው። ያ ነፍስ እንዴት እንደጠፋ ግን እሱም አያውቅም፣ ቆቦም አያውቅም። የምናውቀው እኔና እርሳቸው ብቻ ነበርን።

እትዬ ደብሬን ያወቅኳቸው ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በቆቦ ሜዳ ላይ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ድርጅት አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝና ቤት ፍለጋ ስዞር እርሳቸው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘሁ። በራቸው ላይ፣ እንደማንኛውም ጠላ ቤት፣ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቷል። ከግቢው መሀል ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ነበር፤ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ያ ሜዳ በግንቦት ድንጋይ ሲያግል እንኳ እዚያ ዛፍ ሥር ትንሽ ነፋስ አይጠፋም ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ነበሩ። ባላቸው በጦርነቱ ዘመን ተወስደው አልተመለሱም። ልጅ አልወለዱም። ስለ ራሳቸው ስትጠይቃቸው «እኔን ተወኝና ጠላውን ቅመስ» ይሉሃል። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። የሚስቁትም ከስንት አንዴ ነው።

ከተማው ሁሉ የሚያውቅላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ምላሳቸው። ሠርግ የሚደግስ ሰው ድፍድፉን ከመበጥበጡ በፊት እርሳቸውን ጠርቶ ያስቀምሳል። ጌሾው የየት አገር እንደሆነ፣ ብቅሉ ፀሐይ ስንት ቀን እንደመታው፣ ማሽላው የዘንድሮ ይሁን የአምና ይናገራሉ። አቀማመሳቸውን አሁንም አያለሁ። መጀመሪያ አፋቸውን በውሃ ይጉመጠመጣሉ። ግራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዲት ጉንጭ ይይዙና ፊታቸውን ወደ መሬት ደፋ ያደርጋሉ። ከዚያ ምላሳቸውን ከላንቃቸው «ጧ» አድርገው ያላቅቁታል። ፍርዱ የሚሰጠው ከ«ጧ» በኋላ ነው።

«አፍ ይዋሻል፤ ምላስ አይዋሽም» ይሉ ነበር።

የድርጅቱ መሐንዲስ አየርላንዳዊ ነው። ስሙ ኮልም ነበር፤ የቆቦ ሰው አፉ አልይዝለት ሲል «ሚስተር ኮረም» አለው፤ ኮረም ከላይ ካለው ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናትና ማንም አይረሳትም። እሱም ደስ ብሎት በዚያው ተጠራ። አንድ ቀን ከሦስት ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ልንልክ ስንል፣ እንዲያው ለጨዋታ ብዬ ከየጠርሙሱ ጥቂት ጥቂት ቀንሼ ለእትዬ ደብሬ ሰጠኋቸው። ቀመሱ። «የመጀመሪያው ይጠጣል። ሁለተኛው ጨው አለበት፤ ተክል ያደርቃል። ሦስተኛው ሚስማር ሚስማር ይላል።» ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ሁለተኛው ጨዋማ፣ ሦስተኛው ብረት የበዛበት ነበር። ኮልም ወረቀቱን ይዞ ግቢያችን መጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ እጃቸውን ጨበጠ።

የዚያን ዓመት ለፈረንጆች ገና አገሩ ሄዶ ሲመለስ በሹራብና በካልሲ የተጠቀለሉ ስድስት ጠርሙሶች ይዞ መጣ። ወንድሙ በትውልድ ከተማቸው ትንሽ የቢራ መጥመቂያ አለው፤ ቢራውን የሚጠምቀው በፍራፍሬ ነው። «እኚህ ሴትዮ እንዲቀምሱልኝ እፈልጋለሁ» አለኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ከቁርቁራው ሥር ተቀመጥን። ዘሀራ ነበረች፤ ገበያ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጥ የእትዬ ደብሬ የልብ ወዳጅ። ሙስሊም ናትና አትጠጣም፤ «እኔ ማሽተቱ ይበቃኛል፣ ወላሂ» ብላ ከዳር ተቀመጠች። አያ ካሳውም ነበሩ። ጎረቤታችን ናቸው፤ በፈረስ ጋሪ ሰው ያመላልሳሉ። አዲስ ጋን በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያውን ጣሳ የሚጠጡት እርሳቸው ናቸው። «እኔ ካልባረክሁት ጠላ አይሆንም» ይላሉ።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲከፈት ቀይ አረፋ ገነፈለ። አያ ካሳው ጎንጨት አድርገው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄማ ጤና ጣቢያ የሚሰጡን የልጅ ሳል ሽሮፕ ነው!»

እትዬ ደብሬ ተጉመጠመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጧ አደረጉ። «እንጆሪ ነው። የዱር ግን አይደለም፤ ሰው የተከለው ነው። ዝናብ አጥግቦታል።»

ተረጎምኩ። ኮልም ራሱን ነቀነቀ።

ሁለተኛውን «ኮክ፣ ሳይበስል የተለቀመ» አሉ። ሦስተኛው ጥቁር ወይን ጠጅ መልክ ነበረው። ብዙ ቆዩበትና «አላውቀውም። እንዲህ ያለ ፍሬ አልበላሁም» ብለው ጣሳውን መለሱ። ኮልም ከሁሉም ይህን መልስ ወደደው። አራተኛውን ሲቀምሱ ዓይናቸው ተከፈተ። «የብርቱካን ልጣጭ። ጨውም አለበት! ቢራ ላይ ጨው? የአፋር ነጋዴ ነው እንዴ ወንድምህ?» ያን ቀን አፋቸውን ሳይሸፍኑ ሲስቁ አየሁ። አምስተኛው ይኮመጥጣል። አያ ካሳው መሬት ላይ ተፉትና «መንገድ ላይ ተበላሽቷል» አሉ። እርሳቸው ግን «አልተበላሸም። ልጁ ሆን ብሎ ነው ያኮመጠጠው። ትዕግሥት ያለው ሰው ነው» አሉ።

ስድስተኛውን መጀመሪያ አሸተቱት። ሁለት ጊዜ ተጎነጩ። በመጨረሻ «አጋም» አሉ።

አጋምን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፣ አጥር ላይ ይበቅላል፣ ፍሬው ትንንሽና ጥቁር ነው፣ አፍ ያስራል ብዬ አስረዳሁት። ኮልም ከመቀመጫው ብድግ አለ። በአገሩም በየእርሻው አጥር ላይ የሚበቅል እሾሃም አለ፤ ፍሬው ጥቁር ነው፤ አፍ ያስራል። ቢራው ከዚያ ፍሬ ነው የተሠራው። ያው አጋም ላይሆን ይችላል፤ ግን ከስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የበቀለውን የእሾህ ፍሬ ከእሾህነቱ ለይተውታል።

ለወንድሙ ምን ልበለው ብሎ ጠየቀ። እንዲህ አሉ፦ «ፍሬው ደግ ነው በለው። ግን ፍሬውን ሲያስብ እህሉን ረስቶታል። እህል ከሥር ሆኖ ካልተሸከመው ፍሬ ብቻውን ይወድቃል። አጋሙን ግን አይንካው፤ እሱ ሙሉ ነው።» ኮልም ደብተሩን አውጥቶ ቃል በቃል ጻፈው።

ከዚያ እሑድ በኋላ እትዬ ደብሬ እንቅልፍ አጡ ማለት ይቻላል። የበለስ ጠላ ሞከሩ፤ ዘሩ አስቸገራቸውና ደፉት። የቁርቁራ ጠላ ሞከሩ፤ ለክረምት ይሆናል ብለው ተዉት። ዘሀራ ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ ስታመጣላቸው ግን ተሳካ። ከቀይ ማሽላ በተጠመቀው ላይ የበሰለ ዘይቱን ጨፍልቀው ለአራት ቀን ሲያቆዩት፣ ጣሳውን ወደ አፍህ ሳታደርስ ሽታው ይቀበልሃል። ሰው ከዋጃ ከጎብዬ ይመጣ ጀመር። የድሮ ጠጪዎች ጥቂቶቹ «ጠላ በፍሬ ተበላሸ» ብለው አኮረፉ፤ ሁለት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። እትዬ ደብሬ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር፤ እንደዚያ ዓመት ቀጥ ብለው ሲራመዱ አይቼ አላውቅም።

በመኸር ወባ ጣላቸው። ሦስት ሳምንት ተኙ። እኔና ዘሀራ እየተፈራረቅን አስታመምናቸው። ሲነሱ ከስተው ነበር፤ ጠላ መጥመቁን ግን ወዲያው ጀመሩ። ሰውም ተመለሰ። የተለወጠ ነገር ያየ የለም።

ኮልም ሥራው አልቆ ሊሰናበት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጠርሙስ ይዞ ነበር፤ ወንድሙ ምክራቸውን ሰምቶ አዲስ የጠመቀው ነው፤ ከሥር እህሉን አበርትቶታል። ቀመሱ። ተጉመጥምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸውን ደፍተው። ከዚያ ግን ዓይናቸውን ገልጠው ጣሳው ውስጥ አዩ። ጠላ ሲቀምሱ ወደ ጣሳው ሲያዩ አይቼ አላውቅም ነበር። መልኩ ቀይ ነው።

«እንጆሪ» አሉ።

ኮልም ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «አዎ፣ እንጆሪ ነው» አለ። ተረጎምኩ። ጠርሙሱ ላይ የተሳለው ፕሪም መሆኑን እኔ አይቻለሁ። ፊደሉንም አንብቤዋለሁ።

እርሳቸው ሞኝ አልነበሩም። ኮልም የዘገየባትን ያችን ቅጽበት ሰምተዋታል። ሸኝተነው ስንመለስ በሩን ገጠም አድርገው ቆሙ።

«ምን ነበር?» አሉኝ።

«ፕሪም።»

ነጠላቸውን አጣፉ። «ከወባው ወዲህ ሽታም የለኝም፣ ጣዕምም የለኝም። በርበሬ ያቃጥለኛል እንጂ በርበሬ በርበሬ አይለኝም። እንጀራውም ጨርቅ ነው። ውሃና ጠላ የምለየው በቅዝቃዜው ነው።» ሲናገሩ አላለቀሱም። «ለማንም አትናገር፣ ሲሳዬ። ለዘሀራም ቢሆን። እኔ ሌላ ምን አለኝ?»

ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳቸው። ሄድን። አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም አሉን። አልተመለሰም።

እናም የእርሳቸው ምላስ እኔ ሆንኩ። ጋን በሚከፈትበት ጠዋት በሬን ያንኳኳሉ። በጣሳ ይዘውልኝ ይመጣሉ። እቀምሳለሁ፤ ጌሾው በዝቷል፣ አንሷል፣ ዘይቱኑ ገና ነው፣ ደርሷል እላለሁ። እንደ ተማሪ ያስተምሩኝ ነበር። «አትቸኩል። ከምላስህ ጫፍ አይደለም፣ ከሥሩ ስማው።» መጀመሪያ ላይ ክብር መሰለኝ። እየቆየ ግን ሰለቸኝ። በባዶ ሆድ፣ በጠዋት፣ ሥራ እየረፈደብኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን የሆነው ይህ ነው።

ጠጪው በዛና ጋኖቹ አልበቃ አሉ። አንድ የገበያ ቀን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ገዝተው አመጡ። ምን ነበረበት ብዬ ጠየቅኳቸው። «ዘይት ነው አለኝ ሻጩ» አሉ። ጋን ቢሆን በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ፕላስቲክ አይታጠንም። ሦስት ቀን ሙሉ በአመድና በግራዋ ሲፈትጉት ሰነበቱ። ሜዳው ላይ በዚያ ዘመን የሽንኩርትና የቲማቲም መስኖ ተስፋፍቶ ነበር፤ የተባይ መድኃኒት የመጣባቸው በርሜሎች በየገበያው ይሸጣሉ። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። አፍንጫ ያለው ሰው ግን ጭንቅላቱን ወደ በርሜሉ ቢያስገባ ያውቀው ነበር። ዘሀራን አሽትችልኝ ቢሏት ኖሮ ታውቀው ነበር። አላሏትም።

ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ከበርሜሉ የተቀዳውን የዘይቱን ጠላ በጣሳ ይዘዋል። ከውጭ ወደ ዋጃ የሚወስደኝ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ነው። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። «አስቀምጡልኝ፣ አሁን እቀምሰዋለሁ» አልኳቸው። አስቀምጠው ወጡ። ጥሩምባው ደገመ። ጣሳውን አነሳሁ፤ ሽታው የዘይቱን ነው። ከበሩ ኋላ ደፋሁት። ባዶውን ጣሳ ሰጠኋቸውና «ማር ነው፣ እትዬ» ብዬ ሮጥኩ።

አያ ካሳው በር ላይ ቆመው ነበር። «ደረሰ?» አሉኝ። «ደርሷል» አልኳቸው።

ከሥራ ስመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከጠጡት ሰባቱ ሲያስመልሳቸው ውለው ተርፈዋል። መረረን ያሉም ነበሩ፤ ጌሾው ነው ብለው ነው የተዉት። አያ ካሳው ግን እንደ ልማዳቸው ቀድመው፣ ሁለት ጣሳ አከታትለው ጠጥተዋል። ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሲወስዷቸው ሮቢትን አልፈው ጎብዬ ሳይደርሱ ሞቱ። የጤና ባለሙያው በርሜሉን አሽትቶ «የሰብል መድኃኒት ነው» አለ።

እትዬ ደብሬ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆመው ነበር። የአያ ካሳው ሚስት ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው ደረታቸውን ይደቃሉ። አንዱ ፖሊስ ወደ እኔ ዞረና «ተከራዩ አንተ ነህ? የምታውቀው ነገር አለ?» አለኝ።

እትዬ ደብሬ ቀድመው መለሱ። «ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር። ምንም አያውቅም።»

ፖሊሱ አሁንም እኔን ያየኛል። «አዎ» አልኩ። «ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ከዚያች «አዎ» በኋላ ሌላው ሁሉ በራሱ ሄደ። ወልድያ ፍርድ ቤት በቀረቡ ቀን ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ዳኛው ጠየቁ፤ «ጠላውን ለሰው ከመስጠትሽ በፊት ቀምሰሽዋል?»

«ቀምሼዋለሁ፣ ጌታዬ።»

ከሕዝቡ መሀል ጉርምርምታ ተነሳ። ከቆቦ የመጣው ሁሉ ያን ምላስ ያውቃልና። የሦስት ጉድጓድ ውሃ የለየ ምላስ መርዝ እንዴት ያልፈዋል? ቀምሰው ከሆነ አውቀዋል፤ አውቀው ከሆነ ደግሞ እያወቁ ሰጥተዋል። የሰው ሐሳብ እዚያ ሲደርስ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲተላለፍ አየሁት። ፍርዱ በቸልተኝነት ሰው መግደል ሆኖ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። የቆቦ ፍርድ ግን ሌላ ነበር። የፈረንጅ መድኃኒት ጨመረችበት አሉ። ካሳው ክፉ ተናግሯት ነበርና ለእሱ ያዘጋጀችው ነው አሉ። በየጋሪው፣ በየበረንዳው ወሬው በየቀኑ አዲስ ነገር ያበቅላል።

እስር ቤት ሄጄ የጠየቅኳቸው በሦስተኛው ወር ነው። ቀድሜ መሄድ አልቻልኩም። በአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆሙ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል።

«ለምን ቀምሻለሁ አሉ?» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያልቀመስኩት። ደፋሁት እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አንተ እንደወጣህ ክፍልህን ልጠርግ ገባሁ። ከበሩ ኋላ መሬቱ እርጥብ ነበር።»

አጥሩን ያዝኩ።

«አየሁት። እየቸኮለ ፈሶበት ነው አልኩ። ካሳው ከውጭ ይጣራል፤ ሰዉ ተሰብስቧል። አንድ ጊዜ ብቻ ዘሀራን ልጥራት ብዬ አሰብኩ። ምን ልላት ነው? ምላሴ ሞቷል ልበላት? አፈርኩ። ከዚያ ቀዳሁ።» ወደ አጥሩ ጠጋ አሉ። «ስለዚህ ለአንተ ብዬ መሰለህ እንዴ የዋሸሁት? ምላሷ ሞቶ ስትሸጥ ነበር ከምባል ገድላለች ልባል ብዬ ነው። ኩራት ነው። የአንተንም ግማሽ እዚያው ውስጥ ጠቀለልኩት። አንተ ገና ልጅ ነህ።»

«እናገራለሁ» አልኳቸው።

«ተናገር ወይም አትናገር፤ እሱ የአንተ ነው። እኔ ግን አላስወራህም።»

አልተናገርኩም። በዚያው ዓመት ደሴ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ።

ሲፈቱ ቆቦ ተመለሱ። ጣሳው ከበራቸው ላይ ወርዷል። ከእጃቸው የሚበላ ነገር የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ እንቁላል እንኳ፣ በልጣጩ ያለ እንቁላል እንኳ። ስለዚህ የማይበላ ነገር ሸጡ። ከወንዝ ዳር ሣር እያጨዱ መጥረጊያ ያስሩ ነበር። ዘሀራ ከፍራፍሬዋ አጠገብ ቦታ ሰጠቻቸው፤ ገበያተኛው ግን የእርሷንም ፍሬ መሸሽ ጀመረ። ይህን ሲያዩ አንድ ጠዋት ሳይናገሩ መጥረጊያቸውን አንስተው ከገበያው ጫፍ፣ ግመሎች ከሚታሰሩበት፣ ሄደው ተቀመጡ። ዘሀራ ተከትላ ሄዳ ብትለምናቸው «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል፤ ሂጂ ንግድሽን ነግጂ» አሏት። እኔ በእነዚያ ዓመታት አራት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው። አራቱንም ጊዜ ስለ ነገሩ አላነሱም። አራቱንም ጊዜ እኔም አላነሳሁም።

በቀብሩ ዕለት ከመኪና ወርጄ ስደርስ አስከሬኑ ተገንዟል። ቃሬዛውን የተሸከሙት የዘሀራ ሁለት ወንዶች ልጆችና ጓደኞቻቸው ናቸው፤ እኔ ስድስተኛ ሆኜ ገባሁ። ሙስሊም ልጆች ክርስቲያን ሬሳ ተሸክመው በቆቦ አስፋልት ሲያልፉ በወሎ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የነበረው ከኋላችን የሚከተል ሰው አለመኖሩ ነው። ባለሱቆቹ በር ላይ ቆመው ያዩናል። ካህኑ ፍትሐቱን አላጓደሉም። አፈሩ ሲመለስ ዘሀራ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርግ ነበር።

ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ሄድኩ። ከግቢያቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ማሽላ ያበጥራሉ። አላወቁኝም። ስሜን ነገርኳቸውና የድሮው ተከራይ መሆኔን ስናገር «እህ» አሉ። ቁም አላሉኝም፣ ተቀመጥ አላሉኝም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወባውን፣ የሞተውን ምላስ፣ በርሜሉን፣ ጥሩምባውን፣ ከበሩ ኋላ የደፋሁትን ጣሳ። አያ ካሳው ደረሰ ወይ ሲሉኝ «ደርሷል» ያልኳቸውን። እትዬ ፍርድ ቤት የዋሹትን። እስር ቤት ያሉኝን። አንዱንም አላስቀረሁም።

ሰፌዱ ከእጃቸው ሳይወርድ ቆየ።

«አንተ ነህ እንግዲህ ደርሷል ያልከው» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እርሷ ግን ቀምሼዋለሁ አለች።»

«አዎ።»

«ስምንት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቤተክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ስሟን እየጠራሁ ረገምኳት። አውቃ ነው የገደለችው ብዬ። መሬት አይቀበልሽ አልኳት። ውሃ ስትጠማ አይቼ አላጠጣኋትም። በደሏ ይህን ያህል ከሆነ የቀረውን እርግማን ማን ይመልስልኛል? አንተ ትመልስልኛለህ?»

«አልችልም» አልኳቸው። ምንም ብል ትንሽ ነበር።

«ለእኔ መናገርህ ምን ይረባል? ለእርሷ በቁሟ እያለች ነበር እንጂ። ገበያ መሀል ቆመህ ነበር እንጂ።» ሰፌዱን አስቀመጡና ነጠላቸውን አነሱ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «ና። መቃብሯን አሳየኝ።»

ከፊት ከፊት ሄዱ። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር፤ መንገዱም በሰው የተሞላ። የአያ ካሳው የድሮ ባልደረቦች፣ ጋሪ ነጂዎቹ፣ ከአስፋልቱ ዳር ፈረሶቻቸውን ጥላ አስይዘው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ጥሩነሽን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። እርሳቸው ከመሀላቸው ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገራቸው» አሉኝ።

ሁሉም አዩኝ። ከበሩ ኋላ ከደፋሁት ጣሳ ጀመርኩ።